የአቢሲንያ ባንክና የጠገራ ብር ፈተና
አዲስ አገልግሎት በሕዝብ ዘንድ ስለሚጸናበት ምክንያት የቀረበ አጭር ጥናት

መግቢያ

ስለ ንግድ በሚጻፉ መጻሕፍት ውስጥ አዲስ አገልግሎት ማቋቋም ብዙ ጊዜ አዲስ ዕቃ ሠርቶ ለገበያ ከማቅረብ ጋር ተዳብሎ ይነገራል። ነገር ግን ሁለቱ በአንድ ዋና ነገር ይለያያሉ። ጫማ ሠሪ ጫማውን ሠርቶ በመደርደሪያ ላይ ያኖረዋል፤ ገዢውም አንሥቶ ያየዋል፣ በእግሩ ይለካዋል፣ ካልተስማማው መልሶ ያስቀምጠዋል። አደራ መቀበል፣ ገንዘብ ካገር ወደ አገር ማስተላለፍ፣ ማበደር ግን ተሠርተው በመደርደሪያ ላይ የሚጠብቁ ነገሮች አይደሉም። ሰጪና ተቀባይ ካልተገናኙ አገልግሎቱ ገና የለም፤ ተቀባዩም ነገሩ መልካም መሆኑን የሚያውቀው ገንዘቡን ከሰጠ በኋላ ነው። ስለዚህ አዲስ አገልግሎት የሚያቋቁም ሰው ከሥራው ጋር አብሮ፣ ሰው ገና ያላየውን ነገር አምኖ እንዲመጣ የሚያደርገውን ምክንያት ማዘጋጀት ይኖርበታል።

ይህ ጽሑፍ ያን ምክንያት በአገራችን ታሪክ ውስጥ በአንድ ምሳሌ ለመመርመር ያሰበ ነው። ምሳሌውም በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የአቢሲንያ ባንክ ነው። ዛሬ በዚሁ ስም ከሚጠራው የግል ባንክ ጋር አንድ እንዳይመስል አንባቢን አስቀድሜ አሳስባለሁ፤ የመጀመሪያው በ1923 ዓ.ም. ፈርሷል። ዘመኑንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር አድርጌ ጽፌአለሁ።

ተራው ነጋዴና ገበሬ በዚህ ባንክ ለምን አልተጠቀመም ተብሎ ሲጠየቅ፣ የሚሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ አጭር ነው፤ ሕዝቡ ስለ ባንክ አያውቅም ነበር ይባላል። ይህ መልስ በቂ ሆኖ አላገኘሁትም። ሕዝቡ የባንክን አሠራር ባያውቅ እንኳ፣ ስለ ገንዘብ የጠራ አስተያየትና ጥብቅ የሆነ የመመርመሪያ ልማድ ነበረው። ባንኩ የተሰናዳው ግን ያ ልማድ ለሌላቸው ሰዎች ነበር። ይህን በሚቻለኝ መጠን ለማስረዳት፣ በመጀመሪያ ባንክ ከመምጣቱ በፊት የነበረውን ሁኔታ፣ ቀጥሎም የባንኩን አቋም፣ በመጨረሻም በኋላ ዘመን የተሻለ ውጤት ያገኙትን ሥራዎች እመለከታለሁ።

ባንክ ከመምጣቱ በፊት

በዐፄ ምኒልክ ዘመን በገበያ ይሠራበት የነበረው ዋናው ገንዘብ ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ የሚባለው ነው። ይህ ገንዘብ የኦስትሪያ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ሲሆን፣ ንግሥቲቱ ከሞተችም በኋላ በሞተችበት ዓመት፣ ማለት በፈረንጅ ቁጥር 1780 በሚል ጽሕፈት ዘመኑ ሳይለወጥ ሲታተም ኖሯል። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ ከዚያም ውስጥ ከስድስት እጅ አምስቱ እጅ ንጹሕ ብር ነው።

ወደ አገራችን የመጡ የአውሮፓ መንገደኞች፣ ሰው ጠገራውን እንዴት አገላብጦ እንደሚመረምር እየተገረሙ ጽፈዋል። ተቀባዩ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ ያሉትን የሉል ነጠብጣቦች ይመለከታል፤ የራስጌዋ ጌጥ ያልደበዘዘ፣ ፊደሉ ያልጠፋ መሆኑን ያያል፤ ያለቀውን ወይም የተበሳውን አልቀበልም ብሎ ይመልሳል። ከመንገደኞቹ አንዳንዶቹ ይህን እንደ ግትርነት ቈጥረውታል። ለእኔ ግን የአስተዋይ ሰው ሥራ ይመስለኛል። በሩቅ ገበያ የቆመ ሰው ሐሰተኛ ብር ቢገባበት የሚከስሰው የለም፤ የሚክሰውም የለም። ዋስትናው የራሱ ዐይን ብቻ ነው። ገንዘቡም መልኩን በየጊዜው የማይለውጥ መሆኑ ለዚሁ ምርመራ ያመቻል፤ አያት የተማረውን ምልክት የልጅ ልጅም ይሠራበታልና።

ጠገራው ጕድለት አልነበረውም ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ጕድለቱ ክብደቱ ነው። አንድ ሺህ ብር 28 ኪሎ ይመዝናል፤ ሦስት ሺህ ብር ደግሞ 84 ኪሎ፣ ማለት የአንድ በቅሎ ጭነት ይሆናል። ሲራራ ነጋዴ ሸቀጡን ሸጦ ሲመለስ ብሩን እንደ ሸቀጥ ጭኖ፣ ሽፍታ እየፈራ፣ ወንዝ እየተሻገረ መሄድ ነበረበት። ሁለተኛው ጕድለቱ ትልቅነቱ ነው። በጠገራ ብር በርበሬና ሽንኩርት መሸመት አይቻልም። ለዚህ የሚያገለግለው ከአፋር የጨው ሜዳ ተቈርጦ የሚመጣው አሞሌ ነበር። አሞሌም ከምንጩ በራቀ መጠን ዋጋው የሚጨምር፣ ዝናም ከመታው የሚሟሟ ገንዘብ ነው።

ዐፄ ምኒልክ ይህን ሁሉ በመገንዘብ መልካቸውና የአንበሳ ምስል ያለበትን ገንዘብ በፓሪስ አሳተሙ፤ በአንዳንዱም ላይ 1887 የሚል ዘመን ይነበባል። ዋናው ብር በክብደት ከጠገራው ጋር እኩል ነበር። ከእርሱም ጋር የግማሹ አላድ፣ የአራተኛው እጅ ሩብ፣ ከዚያም የሚያንሱት ተዘጋጁ። ስለ ገንዘቡ ዐዋጅ ቢነገርም ትልቁ ብር ጠገራውን ሊተካው አልቻለም፤ ትንንሾቹ ግን የተሻለ ቦታ አገኙ። ይህ ልዩነት ለጥናታችን ትልቅ ፍንጭ ይሰጣል። ትልቁ ብር ሰው አስቀድሞ የረካበትን ነገር ለመተካት መጣ፤ ትንንሾቹ ግን በየቀኑ የሚያስቸግረውን የምንዛሪ ችግር ለማቃለል መጡ። የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ ዐዋጁና ማተሚያው ለሁለቱም አንድ ነበሩ፤ ውጤታቸው ግን አንድ አልሆነም።

ማበደርና አደራም ያለ ባንክ ይሠራባቸው ነበር። ተበዳሪው ዋስ ይጠራል፣ ውሉ በእማኝ ፊት ይፈጸማል፣ ወለዱም አራጣ እየተባለ በሰው ዘንድ ቢነቀፍም ይከፈላል። የተረፈ ብር ያለው ሰው በማድጋ ከቶ ከቤቱ ወለል ሥር ይቀብረዋል። የተቀበረ ብር አይወልድም፤ ነገር ግን አይበሰብስም፣ ምስጥም አይበላውም፣ ባለቤቱም በፈለገ ሌሊት ቈፍሮ ያገኘዋል።

ባንኩ የተሰናዳበት መንገድ

በመጋቢት 1897 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክና በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ወኪል በሚስተር ማክጊሊቭሬ መካከል ውል ተፈረመ። በዚህ ውል መሠረት የአቢሲንያ ባንክ የ50 ዓመት ፈቃድ አገኘ፤ የወረቀት ገንዘብ የማውጣትም ብቸኛ መብት ተሰጠው። የተፈቀደለት ዋና ገንዘብ 500,000 የእንግሊዝ ፓውንድ ሲሆን፣ አክሲዮኑም እንደ ካይሮ፣ ለንደንና ፓሪስ ባሉ ታላላቅ ከተሞች ለሽያጭ ቀረበ። በየካቲት 1898 ዓ.ም. ባንኩ ሥራውን ጀመረ።

በሥራ ዝርዝሩ በኩል የጐደለ ነገር አልነበረም። አደራ ይቀበላል፣ ያበድራል፣ ገንዘብ ይመነዝራል፣ ወደ ውጭ አገር ያስተላልፋል። በ1907 ዓ.ም. ገደማም በአማርኛና በፈረንሳይኛ የተጻፈባቸው የ5፣ የ10፣ የ100ና የ500 ብር ወረቀቶች አወጣ። በአውሮፓ ከተማ ውስጥ ያለ ባንክ የሚሠራውን ሥራ ሁሉ ለመሥራት የተዘጋጀ ቤት ነበር።

የተጠቃሚዎቹን ማንነት ስንመረምር ግን ነገሩ ይገለጥልናል። አብዛኞቹ ደንበኞች የውጭ አገር ነጋዴዎችና ጥቂት ባለጠጎች ነበሩ። ቅርንጫፎቹ የተከፈቱበትን ስፍራ በካርታ ላይ ብናስቀምጠው ይህንኑ ያስረዳል። ከአዲስ አበባ ሌላ በሐረር፣ በድሬዳዋ፣ በጎሬና በደሴ ቅርንጫፍ፣ በጋምቤላ ወኪል፣ በጅቡቲም የማሸጋገሪያ ቢሮ ነበረው። ሐረር፣ ድሬዳዋና ጅቡቲ በምሥራቅ በኩል ቡናና ቆዳ ወደ ባሕር የሚወጣበት መንገድ ናቸው፤ ጎሬና ጋምቤላ ደግሞ የምዕራቡ ቡና በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን የሚወጣበት መንገድ ናቸው። ከደሴ በቀር የባንኩ ካርታ የወጪ ንግድ ካርታ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። በጎጃም፣ በጎንደርና በትግሬ በኩል ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የገባ ከተማ የለም።

ከባንኩ ሥራዎች መካከል አንደኛው ራሱን ጠገራ ብርን ከአውሮፓ ማስመጣት እንደ ነበረም መታወቅ አለበት። የቡና መሸጫ ወራት ሲደርስ ነጋዴው ለገበሬው የሚከፍለው ብር ይፈልጋል፤ ገበሬው ደግሞ ከጠገራው በቀር አይቀበልም። ባንኩም ብሩን በጅቡቲ በኩል አስመጥቶ ለነጋዴው ያቀርባል። እንግዲህ የሕዝቡን የገንዘብ ልማድ ይለውጣል ተብሎ የተጠበቀው ቤት፣ ለራሱ ሥራ ሲል ያንኑ ልማድ ማገልገል ግድ ሆነበት።

የወረቀቱን ገንዘብ ነገር ደግሞ በአንድ የጎጃም ሲራራ ነጋዴ ዐይን እንመልከተው። ይህ ሰው በአዲስ አበባ ማርና ቅቤ ሸጦ መቶ ብር የሚል ወረቀት ቢሰጡት፣ የክብደቱ ችግር በእርግጥ ይቃለልለታል። ነገር ግን ወረቀቱን በምን ይመረምረዋል? የሚቈጠር ሉል የለበትም፣ የሚመዘን ክብደት የለውም። ደብረ ማርቆስ ገብቶ ወረቀቱን የሚቀበለው ሰው ቢያጣ፣ ብሩን የሚሰጠው ቤት ያለው 300 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ፣ ከዓባይ ወንዝ ማዶ ነው። ከወለሉ ሥር ቢቀብረው ምስጥ ይበላዋል። ይህ ሰው ወረቀቱን መልሶ ጠገራውን ቢመርጥ፣ ሒሳቡን በትክክል ዐወቀ እንጂ አላዋቂ ሊባል አይገባውም።

ሊቀርቡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

በዚህ ሐሳብ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ።

አንደኛው፣ ጥፋቱ የባንኩ ሳይሆን የመንገድ እጦት ነው የሚል ነው። እውነትም የምድር ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ባንኩ ሥራ ሲጀምር ዋና ከተማው ራሱ በበቅሎና በግመል የሚደረስበት ነበር። ይህ ተቃውሞ ከባድ ነው፤ በከፊልም እቀበለዋለሁ። ሆኖም የመንገድ እጦት ለሲራራ ነጋዴውም ያው ነበር፤ እርሱ ግን ሥራውን ለዚያ መንገድ እንዲስማማ አድርጎ አደራጅቶት ነበር። በየገበያው የታወቁ ነጋድራሶችና ታማኝ ነጋዴዎች ሳይጠፉ፣ ባንኩ አገልግሎቱን በእነርሱ እጅ ወደ ገበያ ለማድረስ አልተሰናዳም፤ የተሰናዳው ሰው ወደ መስኮቱ እንዲመጣ ነው።

ሁለተኛው፣ ሰው የራቀው ባንኩ የባዕድ ሀብት ስለ ነበረ ነው የሚል ነው። ይህም እውነትነት አለው። ባንኩ በተከፈተ በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ለእርሻና ለንግድ ማስፋፊያ የሚሆን ሌላ ማኅበር መቋቋሙ፣ በቤተ መንግሥትም በኩል ባንኩ ብቻውን በቂ ሆኖ እንዳልታየ ያመለክታል። በነሐሴ 1923 ዓ.ም.ም መንግሥት ፈቃዱን በካሣ አስቀርቶ የኢትዮጵያን ባንክ አቋቋመ። ይህ ለነጻነታችን ታሪክ የሚያኮራ ሥራ ነው። ነገር ግን አዲሱ ባንክ ሥራውን የወረሰው ከነቤቱና ከነሠራተኛው ነበር፤ ባለቤቱ ቢለወጥም በመስኮቱ የሚሰጠው አገልግሎት ያው ሆኖ ቀጠለ። በጠላት ወረራ ምክንያት ዕድሜው አምስት ዓመት እንኳ ስላልሞላ በእርሱ ላይ ፍርድ መስጠት አይገባም፤ ይሁን እንጂ ጠገራውን ከሰው እጅ ለማውጣት የባለቤትነት መለወጥ ብቻውን አልበቃም።

ሦስተኛው፣ ገበያው ራሱ ጠባብ ነበር የሚል ነው። ባንኩ ከተከፈተ ጀምሮ ለስምንት ዓመት ያህል ትርፍ ሳያገኝ መቆየቱ፣ ለመቋቋሚያ የወጣው ወጪ ትልቅ፣ የሥራው መጠን ግን ትንሽ በመሆኑ እንደ ነበረ ይነገራል። የሥራው መጠን ለምን ትንሽ ሆነ ብለን ስንጠይቅ ግን ወደ ተነሣንበት እንመለሳለን። በየገበያው ብር ሲቈጠር ይውል ነበር፤ ባንኩ የቈጠረው ግን በመስኮቱ በኩል ያለፈውን ብቻ ነው።

የ1937 ዓ.ም. የገንዘብ ለውጥ

ከነጻነት በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በዐዋጅ ተቋቁሞ፣ በሚያዝያ 1935 ዓ.ም. በአንድ ሚሊዮን ጠገራ ብር ዋና ገንዘብ ሥራውን ጀመረ። በዚያን ጊዜ በአገሩ ውስጥ ጠገራው፣ የጣሊያን ሊሬና እንግሊዞች ያስገቡት የምሥራቅ አፍሪቃ ሽልንግ ተደባልቀው ይሠራባቸው ነበር። ይህን ሁሉ በአንድ የአገር ገንዘብ መተካት ያስፈልግ ነበር፤ የገንዘቡም አብዛኛው ወረቀት መሆኑ የማይቀር ነበር። ስለዚህ ዐፄ ምኒልክንና የአቢሲንያ ባንክን የገጠማቸው ችግር እንደ ገና ተመልሶ መጣ።

የባንኩ ገዢ አሜሪካዊው ጆርጅ ብላወርስ ነበር። በሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በሕግ ሲወጣ፣ ከወረቀቶቹ ጋር ሳንቲሞች ወጡ። ከአንድ እስከ ሃያ አምስት ሳንቲም ያሉት ከመዳብ የተሠሩ ሲሆኑ፣ የሃምሳ ሳንቲሙ ግን ከእውነተኛ ብር የተሠራ ነበር። ብሩም የተገኘው አሜሪካ በጦርነቱ ዘመን ለተባባሪዎቿ ትሰጥ በነበረው ብድር ነው፤ ሳንቲሞቹም በፊላደልፊያ ታተሙ። በላያቸው ላይ 1936 የሚል ዘመን አለ።

ይህን ነገር በቊጥር ብንመለከተው ትርጕሙ ይበልጥ ይገለጻል። የሃምሳ ሳንቲሙ ክብደት 7 ግራም ያህል ነበር፤ ከአሥር እጅ ስምንቱ እጅ ንጹሕ ብር ነው። አንድ የኢትዮጵያ ብር የሚሆኑት ሁለቱ ሲደመሩ ንጹሕ ብራቸው 11 ግራም ከሩብ ያህል ነው። በአንድ ጠገራ ውስጥ ያለው ግን 23 ግራም ያልፋል። እንግዲህ አዲሱ ሳንቲም የጠገራውን ያህል ብር ለመስጠት አልወጣም፤ ከግማሹም ያንስ ነበር። የሰጠው ነገር ሌላ ነው። ወረቀት የተቀበለ ሰው ከባለ ሱቅ ዘንድ መንዝሮ፣ እንደ ለመደው በእጁ የሚመዝነው፣ በዐይኑ የሚመረምረው፣ ቢቀብረውም የማይበሰብስ ነገር ማግኘት ቻለ። ወረቀቱን ደጋግሞ እየመነዘረ ያላሳፈረው እንደ ሆነ፣ ውሎ አድሮ መመንዘሩን ይተዋል። ከላይ እንደ ተባለው፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመንም የተሻለ ቦታ ያገኙት ትንንሾቹ የብር ገንዘቦች ነበሩ፤ የ1937ቱ ሥራ በዚያው በር የገባ ይመስለኛል።

ለውጡ የተሳካው በአንድ ሳንቲም ብቻ ነው ለማለት አልደፍርም። መንግሥት ግብሩን በአዲሱ ገንዘብ መቀበሉ፣ መንገድ መስፋፋቱ፣ ከጦርነቱ በኋላም የቡና ንግድ መድመቁ ሁሉ ረድተዋል። ጠገራውም በአንድ ቀን አልጠፋም፤ በሩቅ አውራጃዎች ብዙ ዓመት ሲሠራበት ቆይቷል። ሆኖም ከ1898ቱ ጋር ሲነጻጸር በአሠራሩ መካከል ያለው ልዩነት ግልጽ ነው። የቀድሞው ባንክ ሕዝቡ የመመርመሪያ ልማዱን ትቶ እንዲመጣ ጠበቀ፤ የኋለኛው ልማዱን ይዞ እንዲመጣ መንገድ አበጀለት።

ዕቁብና የስልክ ገንዘብ

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ እንዳይመስል፣ በዘመናችን ካሉት ሁለት ምሳሌዎች ልጨምር።

የመጀመሪያው በየከተማው የምናውቀው ዕቁብ ነው። ሠላሳ ሰዎች በየሳምንቱ አንድ አንድ ሺህ ብር ቢጥሉ፣ በየሳምንቱ አንዱ ሠላሳ ሺህ ብር በዕጣ ይወስዳል። ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ ዕጣ የወጣለትም የቀረውን እንደሚከፍል ዋስ ይጠራል። ቸገረኝ የሚል ሰው ከባለ ዕጣው ጋር ተስማምቶ ተራውን ይገዛል። ባንክ በየመንገዱ በተከፈተበት በዛሬው ዘመን እንኳ በመርካቶ ያሉ ነጋዴዎች ከባንክ ሒሳባቸው ጋር ዕቁባቸውን አልተዉም። ምክንያቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዕቁብ ገንዘቡ ለማን እንደ ተሰጠ ሁሉም በዐይኑ ያያል፤ ቢጠፋም የሚጠየቀው ሰው ሱቁ ከጎን ነው።

ሁለተኛው ከጎረቤታችን ከኬንያ የመጣ ነው። ኤምፔሳ የተባለው በተንቀሳቃሽ ስልክ ገንዘብ የማስተላለፍ አገልግሎት፣ በ1998 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር የታሰበው ከአነስተኛ ብድር ማኅበር የተበደሩ ሰዎች ዕዳቸውን በስልክ እንዲከፍሉበት ነበር። ሙከራው 500 ያህል ሰዎችን ይዞ በናይሮቢና በቲካ ተደረገ። ሰዎቹ ግን በእጃቸው የገባውን ነገር ለራሳቸው ጉዳይ አዋሉት፤ እርስ በርሳቸው ገንዘብ ተላላኩበት፣ መንገድ ሲሄዱም በተነሡበት ቦታ አስቀምጠው በደረሱበት ቦታ አወጡት። አዘጋጆቹ ይህን አይተው የመጀመሪያ ዕቅዳቸውን ተዉ፤ በየካቲት 1999 ዓ.ም. አገልግሎቱ ለሕዝብ ሲከፈት ወደ ቤት ገንዘብ መላኪያ ሆኖ ቀረበ።

በዚህ አገልግሎት ውስጥ የጎጃሙን ነጋዴ ጥያቄዎች መልስ እናገኛለን። ጥሬ ገንዘቡን የሚቀበለውና የሚሰጠው በሰፈር የታወቀ ባለ ሱቅ ነው፤ ስለዚህ የሚጠየቀው ሰው ሩቅ አይደለም። ገንዘቡ እንደ ተላለፈ ለላኪውም ለተቀባዩም ወዲያው የጽሑፍ መልእክት ይደርሳል፤ ይህም ጠገራው ላይ እንደሚቈጠረው ሉል፣ ሰው በራሱ ዐይን የሚያረጋግጥበት ምልክት ነው። በአገራችንም ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ ኤምፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል።

ስለ እነዚህ አዳዲስ አገልግሎቶች በሚደረጉ ስብሰባዎች ላይ፣ የገጠሩ ሰው ያልተጠቀመበት ግንዛቤ ስለሚጐድለው ነው ሲባል እንሰማለን። ይህ ቃል ስለ አቢሲንያ ባንክ ከሚነገረው ጋር አንድ ነው። ትምህርት መስጠት መልካም ነገር ነው፤ ሆኖም ገንዘቤ አሁን የት ነው፣ ቢጠፋስ ማንን እጠይቃለሁ የሚል ገበሬ ትምህርት የጐደለው ሰው አይደለም። ሉል ይቈጥር የነበረው አያቱ የጠየቀውን ጥያቄ ነው የሚጠይቀው፤ መልሱም በአገልግሎቱ አሠራር ውስጥ መገኘት አለበት።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ በመነሣት፣ አዲስ አገልግሎት የሚያዘጋጅ ሰው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ቢመልስ መልካም ይመስለኛል። አንደኛ፣ ይህ ሥራ እስከ ዛሬ በምን ይከናወን ነበር፣ በዚያስ ሰው የረካው በየቱ ነው፣ የተቸገረውስ በየቱ? ሁለተኛ፣ ተቀባዩ አገልግሎቱ በትክክል መፈጸሙን የሚያውቅበት፣ በራሱ ዐይንና እጅ የሚመረምረው ምልክት ምንድን ነው? ሦስተኛ፣ ነገሩ ቢበላሽ መልስ የሚሰጠው ሰው የስንት ቀን መንገድ ይርቃል? የአቢሲንያ ባንክ ለባዕዱ ነጋዴ ሦስቱንም መልሶ ነበር፤ ለአገሩ ነጋዴ ግን አንዱንም በሚገባ አልመለሰም።

በመጨረሻ ለትምህርት ጓደኞቼ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የባንኩን ታሪክ የምናገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከውሎችና ከሒሳብ መዝገቦች ነው። በመዝገብ የሚገኘው ወደ መስኮቱ የመጣው ሰው ነው፤ ያልመጣው ሰው ምክንያት አልተጻፈም። ያ ምክንያት የሚገኘው ከአረጋውያን አፍ ነው። አዲሱ ብር በ1937 ዓ.ም. ሲወጣ የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ዘጠና ዓመት አልፎታል። አባቱ የመጀመሪያውን ወረቀት ሲቀበል ምን እንዳለ፣ ማድጋውን መቼ ቈፍሮ እንዳወጣና ለምን እንዳወጣ ሊነግረን የሚችል ሰው በየአገራችን ጥቂት ቀርቷል። በዚህ ክረምት ወደየቤታችን ስንሄድ ይህን ጠይቀን፣ የተናጋሪውን አገርና ዕድሜ ጨምረን ብንጽፍ፣ በሚመጣው ዓመት ከዚህ የተሻለ ጥናት ለማቅረብ ይቻላል።